ባለቤቷ ትቅረብ

ሰውዬው ሱቄ የገባው ዝናብ ሊያመልጥ መስሎኝ ነበር። መቱ ከተማ ክረምት ላይ ግማሹ ደንበኛዬ እንደዚያ ነው፤ ሊጠለል ይገባና ይሉኝታ ይዞት የስልክ ሽፋን ዋጋ ጠይቆ ይወጣል። እሱ ግን ጃንጥላውን ባንኮኒዬ ላይ አራገፈና ጥቁር ፌስታል አስቀመጠ። "ልጄ፣ የሞተ ዕቃ ታስነሳለች ብለውኝ ነው የመጣሁት" አለ። ስልክና ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ በከተማው ስሜ ክፉ አይደለም።

ፌስታሉን ስፈታ ከዓይኔ በፊት እጄ አወቀው። ግራጫ የጌም ማሽን፣ ከላዩ ቀኝ ማዕዘን ላይ የከሰል ካውያ ያቀለጠው ጠባሳ። ያንን ጠባሳ ያደረገችው እናቴ ናት፣ በእኛ ሳሎን፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ። ከማሽኑ ሥር ሁለት ካሴቶች ነበሩ። ካሴት የምንለው ጌሙ ያለበትን የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ማሽኑ ላይ ሰክተህ ትጫወታለህ።

ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። አላወቀኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ማለት ይኸው ነው። ያኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ በዝናብ የማለቅስ ልጅ ነበርኩ፤ አሁን መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ነኝ። እሱም ያኔ ቀጭን ነበር፤ አሁን ሆዱ ከባንኮኒው ጋር ይጋፋል።

"ምን ላድርግልዎት ጋሼ?" አልኩት። በአፌ አንቱ፣ በልቤ አንተ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን በልቤ እንደጠራሁት ነው የምጠራው፤ ያልተመቸው ይለፈው።

መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ካፌ የእሱ ነው። ለመስቀል የመቱ ልጆች ከየሥራቸው አገር ይመጣሉ፣ ከአዲስ አበባም ከጅማም። አሁን ሁሉም ወፈር ወፈር ያሉ፣ ልጅ የወለዱ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ብሎ ካፌው ውስጥ የድሮ ጌም የሚጫወቱበት ክፍል አዘጋጅቷል፤ "የድሮው ጌም ተመልሷል" የሚል ባነርም አሠርቶ ከበሩ በላይ ሰቅሏል። ጌሙ ግን አልተመለሰም። ማሽኑ ሞቷል። ቢነሳም የድሮው ማሽን በአንቴና መስመር ነው ሥዕል የሚልከው፤ አዲሱ ፍላት ቴሌቪዥን አይቀበለውም። ጅማ ድረስ ወስዶት "ይጣል" ብለውታል።

"ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የወንዟን ጌም ነው" አለኝ። "ኢንተርኔት ላይ አስፈልጌ አስፈልጌ አጣኋት። ከዚህች ካሴት በቀር የለችም። ኮምፒውተር ላይ ገልብጪልኝ፣ በየስክሪኑ እጭናታለሁ።"

"ይቻላል። ይተዉልኝ" አልኩት።

ሲወጣ "የተባረክሽ ልጅ፣ እናትሽ ትባረክ!" ብሎ መረቀኝ። ወይ ነዶ! እናትሽ ትባረክ አለ፣ በዚያ አፉ። በሩን ዘግቼ እንደ እብድ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ማሽኑን ፈታሁት።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አባቴ ከሞተ በኋላ በአንዲት የስፌት መኪና ነው ያሳደገችን። ታናሽ ወንድሟ ከዓረብ አገር ሲመለስ ያንን ማሽን ይዞላት መጣ። "ስፌቱ ዓይንሽን ሳይጨርስ በዚህ ብትሠሪ ይሻልሻል" አላት። ትምህርት በኦሮምኛ፣ በቁቤ ፊደል በተጀመረ ሰሞን ነው፤ የእኛ ክፍል ከመጀመሪያዎቹ ነበር። በከተማው እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ማሽኑ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠና ሳሎናችን በአንድ ሳምንት ጌም ቤት ሆነ።

እናቴ ለጌም ቤቷ ሕግ አወጣች። በመጀመሪያ፣ እግሩን ያልታጠበ አይገባም። የመቱን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በር ላይ ባልዲና ጣሳ ነበር፤ የሀብታም ልጅም የድሃ ልጅም እዚያ ይታጠባል። ደግሞ ሌላ ቦታ ጌም በሰዓት ነው፣ እሷ ግን በሰዓት አታስጫውትም። ጌሙ ሦስት ነፍስ ይሰጣል፤ ሦስቱ ሲያልቅ ተራው አለቀ። ልጆቹ "ሦስት ነፍስ" ሲሉ ግን ታማትብ ነበር። "ነፍስ አንድ ናት፤ የሰጠው አንድዬ ነው። ሦስት ዕድል በሉ!" ትላለች። ሦስተኛው ዕድል ሲያልቅ ከስፌቷ ቀና ሳትል ሁልጊዜ የምትላት አንዲት ነገር ነበረቻት፦ "አልቋል፣ ተነስ።"

"እትዬ፣ ማሎ! አንዴ ብቻ! ጆይስቲኩ ነው እምቢ ያለኝ!"

"አልቋል፣ ተነስ።"

ማሎ ብሎ መለመን አይሠራም። ማልቀስ አይሠራም። ጉልበቷን መሳም አይሠራም። እኔ ልጇም ብሆን "አልቋል፣ ተነሺ" ነው። አንዴ አኩርፌ ራቴን ሳልበላ ተኛሁ፤ እሷ ግን ግድም አላላት።

ካሴቶቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው አጎቴ ከማሽኑ ጋር አብሮ የገዛው፣ የወንዟ ጌም ነው። ባርኔጣ ያደረገች አንዲት ትንሽ ሰውዬ በጀልባ ወንዝ ትወርዳለች፤ ድንጋይ አለ፣ ግንድ አለ፣ ጉማሬ አለ። መጨረሻው ላይ ትልቅ ፏፏቴ አለ፤ እኛ ሶር ነበር የምንለው፣ እንደ ራሳችን ፏፏቴ። "ሶር ደረስኩ" ያለ ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ንጉሥ ነው። ሁለተኛው ካሴት ብዙ ጌም በአንድ ላይ የታጨቀበት ነበር፤ ኮፒ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፣ ያኔ ግን እኛ ኮፒና ኦሪጅናል የሚባል ነገር አናውቅም። ለእኛ ካሴት ካሴት ነው።

ጠላታችን እርጥበት ነበር። ክረምት ላይ ካሴቱ ሲሰካ ስክሪኑ ይዥጎረጎራል። ልጆቹ እፍ ይሉበታል፣ እፍታው ደግሞ ይብስ ያረጥበዋል። እናቴ ልብስ ሰፊ አይደለች? እርጥብ ነገር የሚደርቀው በካውያ ነው የምታውቀው። ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልላ የከሰል ካውያ ታስጠጋበት ነበር፤ እውነትም ይሠራል። አንድ ቀን ካውያውን ማሽኑ ላይ ረሳችውና ያ ጠባሳ ተረፈ። "ዋ! ፊቱን አቃጠልኩት" ብላ እንደ ሰው አዘነችለት።

ይኼ ሰውዬ የዚያን ጊዜ ቪዲዮ ቤት ነበረው። የሚያሳየው ፊልም ሁሉ ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው ሲቀዳ ሲቀዳ ፊቱ የማይለይ ሆኖ ነበር። ልጆቹ ከእሱ ቤት ወጥተው ወደ እኛ ሲመጡ ተቃጠለ። "ቅጂ መብት" የሚል ቃል ከሬዲዮ ቃርሞ ቀበሌ ሄደ፣ "ያለ ፈቃድ የተሰረቀ ጌም ታጫውታለች፤ ተማሪ ታበላሻለች" ብሎ ከሰሳት። ቀበሌ ውስጥ ደግሞ የሚስቱ ወንድም ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

እሱና የሚስቱ ወንድም አንድ ታጣቂ ይዘው መጡ። ልጆቹ በር ላይ እግራቸውን እየታጠቡ ነበር። ታጣቂው ዕቃውን ለመያዝ እንኳ አፍሮ ሲያመነታ ይኼ ሰውዬ "አምጣ እኔ ልያዘው!" ብሎ ማሽኑን አቅፎ ወጣ። ምንም ሳይሸፍንበት፣ በዝናብ፣ በዋናው መንገድ። እናቴ ነጠላዋን ሳትይዝ ተከተለችው፤ እኔ እሷን ተከተልኩ። መንገደኛው "ምንድን ነው እሱ?" ይለዋል። "የሌባ ዕቃ ነው!" ይላል። በኦሮምኛ ለጠየቀው በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ለጠየቀው በአማርኛ። እናቴ ከኋላው "ኧረ የኔ ነው! ወንድሜ ነው የሰጠኝ!" ትላለች። ማን ይሰማታል? እስከ ቀበሌ ድረስ እንደዚያ ሄድን።

"ለጊዜው ይቆያል" አሏት። ጊዜው አላለቀም። በጋው ሲገባ ማሽኑ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ታየ። የቀበሌው ዘበኛ "በጨረታ ተሸጠ" አላት፤ ጨረታ ግን ያየም የሰማም የለም። እናቴ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሙሉ ልብስ የሚያሰፉ ትልልቅ ደንበኞች ቀሩባት፤ የሌባ ቤት የሚል ስም እንዲህ በቀላሉ አይታጠብም። ገበያ ስትሄድ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ተወች፤ በኋላ በኩል ዞራ በጭቃው ትወርድ ነበር። ዛሬም ድረስ እንደዚያው ናት። "እግዜር ያያል" ትለኛለች። እኔም እያየሁ ነበር።

እንግዲህ ያ ማሽን ከነጠባሳው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ደሜ ፈልቷል፤ ግን ሥራ ሥራ ነው።

ማሽኑ የሚድን አልነበረም። የውስጥ ሰሌዳው የኤሌክትሪክ መስመሮች አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል። ካሴቱ ግን ማሽኑ ላይ የሚሰኩት ጥርሶቹ ብቻ ናቸው የጠቆሩት። በአልኮል ጠረግኩት፣ በላጲስ ፈገፈግኩት፣ ካውያ አላስጠጋሁበትም። ካሴት የሚያነብ ትንሽ ሰሌዳ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ነበር፤ ከኮምፒውተር ጋር አያይዤ ሳነበው በየጊዜው የተለያየ ነገር ይሰጠኛል። አንዱ ጥርስ በደንብ ካልነካ ከጌሙ ውስጥ ቁራጭ ይጠፋል። እየጠረግኩ እያነበብኩ፣ እየጠረግኩ እያነበብኩ፣ በመጨረሻ ሁለት ንባቦች አንድ ዓይነት ሆነው ወጡ።

ከዚያ ኢሙሌተር ላይ ጫንኩት። ኢሙሌተር ማለት ዛሬ የተሠራን ኮምፒውተር "አንተ ያ የድሮው ማሽን ነህ" ብሎ የሚያሳምን ፕሮግራም ነው። ተነሳ! ባርኔጣዋ ሰውዬ ጀልባዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ጆይስቲኩን ያዝኩ፣ ወዲያው ድንጋይ መታኝ። እንደገና ጀመርኩ፣ ጉማሬው ገለበጠኝ። ዘፈኑ ቀጥኗል፣ ወንዙ ይበራል። እጄ ቢዘገይም እንዲህ አልረሳም ብዬ ተናደድኩ። ኋላ ገባኝ። ኢሙሌተሩ የሌላ አገር ቴሌቪዥን መስሎት ነው፤ በእነሱ አገር ቴሌቪዥን በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ሥዕል ይሥላል፣ የእኛው ግን ሃምሳ ጊዜ ነው። የድሮ ጌም ሩጫውን ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው የሚለካው። ወደ ሃምሳ መለስኩት፣ ወንዛችን ረጋ አለ። ሶር ድረስ ወረድኩ፤ እንባዬ ስክሪኑን ቢጋርደኝም ወረድኩ።

ሁለተኛውን ካሴት አልነካሁትም። ኮፒ ነው፣ ደግሞም አሠራሩ ጠማማ ስለሆነ ኢሙሌተሩ አያውቀውም።

ቀጥዬ አዋጁን አነበብኩ። የቅጂ መብት አዋጁን፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ዓምዱ። ለጽድቅ አይደለም፣ ለቂም ነው ያነበብኩት። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ እንደገባኝ ግን እንዲህ ነው። ኢሙሌተሩ ራሱ ነውር የለበትም፣ ሌላ ሰው እንደ አዲስ የጻፈው ፕሮግራም ነው። ጌሙን የገዛ ባለቤት እንዳይጠፋበት ለራሱ መጠባበቂያ ቢይዝ ይፈቀድለታል። ባለቤት ያልሆነ ግን አይችልም። ባለቤትም ቢሆን አብዝቶ ለሕዝብ ማከራየት አይችልም፤ ለዚያ የጌሙ ሠሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። የሠሪዎቹ ድርጅት ቢፈርስ እንኳ መብቱ አብሮ አይፈርስም፤ አንዱ ጋ ይኖራል፣ ማን ጋ እንደሆነ ግን ማግኘት ጭንቅ ነው። ሁለት ወጥመድ አገኘሁ ማለት ነው። የባለቤትነቱን ለአሁን፣ የኪራዩን ደግሞ ካከራየ በኋላ ልከስበት ለመስቀል ማግስት አስቀመጥኩት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።

ሰውዬው ተመልሶ መጣ። ስክሪኑን አዞርኩለት። ወንዟን ሲያይ እንደ ሕፃን አጨበጨበ። "ጎበዝ! እሰይ የኔ ልጅ! በይ ጫኚልኝ!"

"አልችልም ጋሼ" አልኩት። "ሕግ አለ። ጌም የሚገለበጠው ለባለቤቱ ብቻ ነው። ባለቤቱ ይቅረብ።"

"ባለቤቱማ እኔ ነኝ!"

"የገዙበትን ደረሰኝ ያምጡልኛ።"

"በጨረታ ነው የገዛሁት፣ ከቀበሌ።"

"እንግዲያው የጨረታውን ወረቀት።"

ሳቀ። "አንቺ ልጅ፣ በዚህ አገር ለጌም ወረቀት የጠየቀ አለ?"

"አለ እንጂ። ይህን ከተማ ስለ መብት ያስተማሩት እርስዎ አይደሉ?"

ሳቁ ቆመ። ፊቴን አየኝ፣ ማሽኑን አየ፣ ጠባሳውን አየ። ከዚያ የአገራችንን ጥያቄ ጠየቀኝ፦ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"የልብስ ሰፊዋ" አልኩት። "ባለቤቷ እሷ ናት። ቤቷን ያውቁታል። ፈቃዷን ይዘው ይምጡ፣ አሁኑኑ እጭንልዎታለሁ።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ማሽኑንና ካሴቶቹን ፌስታሉ ውስጥ ወረወራቸው። "ጠጋኝ አንቺ ብቻ መሰልሽ!" አለ። "ይሂዱ ጋሼ፣ ዝናቡ እንዳይመታዎት" አልኩት። የገለበጥኩት ግን እኔ ጋ ቀርቷል። የገለበጥኩት ለባለቤቷ ነው እንጂ ለእሱ መች ሆነና!

በደሌ ሄደ፣ ጅማ ተመለሰ፣ ጎሬ ላይ ያለ አንድ ጠጋኝ ካሴቱን ፈቶ ሊያበላሽበት ነበር። ባነሩ ተሰቅሏል፣ መስቀል ቀርቧል፣ አስቀድመው የመጡት ልጆች "ጋሼ፣ የወንዟ ጌም የታለች?" እያሉ ያሾፉበት ጀመር። ሲጨንቀው ጃርሳ ላከ። ሽማግሌ ማለቴ ነው፤ በእኛ አገር በየትኛውም ቋንቋ ቢጠራ ሥራው አንድ ነው። ሦስት ነበሩ፦ አንድ ቄስ፣ አንድ የጴንጤዎቹ ሽማግሌ፣ አንድ ከወሎ የመጡ ሐጂ። ሁሉም የተከበሩ ሰዎች ናቸው።

እናቴ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ሰማቻቸው። ዓይኗ ደክሟል፤ ስፌት ካቆመች ቆይታለች፣ መኪናዋን ግን አልሸጠችም። "በድሎሻል" አሏት፤ "እሱም ያምናል። ይቅር በይና ለሥራው ፈቃድሽን ስጪው።"

ቄሱ ቀጠል አድርገው "ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው" አሏት።

"እውነትዎን ነው አባ" አለች። "ስርቆቱን ለእሱ ይንገሩልኝ።"

ሐጂው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እሷ አልሳቀችም። "ዕቃዬን ተሸክሞ እንደወሰደው ተሸክሞ ያምጣው" አለች። "በመኪና አይጫን። በፌስታል አይሸፈን። በገበያ ቀን፣ በዋናው መንገድ። ያኔ የሌባ ዕቃ ነው ብሎ እንደነገረ፣ አሁንም የማን እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ ይንገር። ከዚያ መልሴን ከአፌ ይሰማል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ይኼማ ምን አላት!" ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። እኔ ግን ተናደድኩ። "እማዬ፣ ይኼ ብቻ? እኔ ስንት ዓመት..." ስላት "ዝም በይ" አለችኝ።

የገበያ ቀን እኔ ሱቄን ዘግቼ ካፌው በር ላይ ቆምኩ። ሰውዬው ማሽኑን አቅፎ ወጣ፤ ሁለቱ ካሴቶች ከላዩ ላይ። ሽማግሌዎቹ በጎንና በጎኑ። እኔ ከኋላ፣ እናቴ ያኔ በሄደችበት በኩል። ከመናኸሪያው እስከ እኛ ሰፈር ዳገት ነው፤ ካፊያ ነበር፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት።

"ጋሼ! ምን ሆነው በእግርዎ? ይግቡ እንጂ!" አለው ባለ ባጃጁ።

"ተወኝ፣ ተወኝ" አለ።

"ምንድን ነው የያዙት?"

ቄሱን አየ። "የ... ጌም ነው። የልብስ ሰፊዋ ነው" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

"ጋሼ" አልኩት ከኋላ፣ በትሕትና፣ "ሰውዬው አልሰሙዎትም።"

"የልብስ ሰፊዋ ነው!" ብሎ ጮኸ።

ከዚያማ መንገዱ ሁሉ ጠያቂ ሆነ። ማር ይዘው ከያዮ የመጡ ሴቶች በኦሮምኛ "ኩን ከን ኤኙቲ?" ይሉታል፣ ይኼ የማን ነው ማለታቸው ነው። "ከን ኢሼቲ" ይላል፣ የእሷ ነው። "የማን? የየትኛዋ?" ይላሉ፤ ወሬ ሲሸታቸው መች ይለቃሉ? እሱ ደግሞ ስሟን ይጠራል። ያኔ ሙሉ ልብስ ማሰፋት ካቆሙት ደንበኞቿ አንዷ እንኳ ከሱቃቸው ወጥተው ሰሙ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። በሁለቱም ቋንቋ ተዋረደልኝ። እየተንሸራተተ፣ እያለከለከ፣ ላቡ ከካፊያው ጋር እየወረደ። ማዘን ነበረብኝ ይሉኛል። አላዘንኩም። ዳገቱ እንዲረዝም ነበር የምመኘው።

ቤት ስንደርስ በሩ ላይ ባልዲና ጣሳ ነበር። እናቴ አስቀድማ አውጥታዋለች፤ እኔ አላየኋትም ነበር።

"እግርህ ጭቃ ነው" አለችው ከውስጥ።

ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ታጠበ። ያ ሆድ፣ ያ ካፌ፣ ያ ባነር ጎንበስ ብሎ በጣሳ እግሩን ታጠበ። ገብቶ ማሽኑን ስፌት መኪናው አጠገብ፣ በድሮ ቦታው አስቀመጠው። እናቴ በጣቷ ጠባሳውን ፈልጋ አገኘችው፤ ዳበሰችው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው።

"እትዬ" አለ፣ "የተባልኩትን አድርጌያለሁ። ይቅር ይበሉኝ። እንግዲህ ፈቃድዎን..."

"ይቅርታውን ሰጥቼሃለሁ" አለች። "እዚያ መንገድ ላይ አፍህን ስትከፍት ነው የሰጠሁህ።"

ሽማግሌዎቹ "እሰይ!" ብለው ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ። ሰውዬው ፈገግ አለ።

"ፈቃዱ ግን ሌላ ነው" አለች እናቴ። "ልጄ አዋጁን አንብባልኛለች። ዕቃው የኔ ነው፣ እምቢ ማለትም የኔ ነው። አንተ ሦስት ዕድል ነበረህ። ያን ቀን ታጣቂው ሲያፍር አብረኸው ማፈር ትችል ነበር። በጋ ሲገባ ማሽኑን ከቀበሌ ስትወስድ ወደ ቤቴ ማምጣት ትችል ነበር። ከዚያ በኋላ ይህን ሁሉ ዓመት፣ እኔ በኋላ በኩል በጭቃ ስዞር እያየህ፣ አንድ ቀን 'በዚህ በኩል እለፊ' ማለት ትችል ነበር።"

ቄሱ "ልጄ..." ብለው ጀመሩ። ሰውዬው ደግሞ ተጣደፈ፤ "እትዬ፣ ማሎ! አንዴ ብቻ! ለመስቀል ብቻ!" አለ። በዚያ ሳሎን፣ በዚያ ወንበር ላይ፣ እንደ ማንኛውም ልጅ።

እናቴ ቀና ሳትል የማሽኑን አቧራ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

"አልቋል፣ ተነስ" አለችው።

ተነሳ። ሽማግሌዎቹም ተከትለውት ወጡ፤ ሐጂው በር ላይ ቆም ብለው "ይህች ሴት!" ሲሉ ሰማሁ። ባነሩን በማግስቱ አወረደው፤ ያንን ክፍል አሁን ፑል ይጫወቱበታል። ለመስቀል ማግስት ያስቀመጥኩት ሁለተኛው ወጥመድ ሳይፈለግ ቀረ። እኔ ዓመታት ስሸርብ የኖርኩትን እሷ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሳትነሳ ጨረሰችው።

ከሱቅ ያመጣሁትን ኮምፒውተር ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁላትና ወንዙን በሃምሳው ሩጫ ከፈትኩላት። ዘፈኑ ሲጀምር እጇን ለጆይስቲኩ ዘረጋች። እኔ ሰውዬው የተነሳበትን ወንበር ስቤ አጠገቧ ልቀመጥ ስል ወደ እግሬ አየች። ዳገቱን ሙሉ ከኋላው የተከተልኩበት ጭቃ ምንጣፏ ላይ ነበር።

"ሂጂ ታጠቢ" አለችኝ።